የሁለት ጉድጓዶች ሪፖርት

ፍሬሕይወት የዝግባ ውኃን ሸለቆ መጀመሪያ ያየችው በጥቅምት፣ ገብሱ ሊታጨድ ጥቂት ሲቀረው ነበር። መኪናው ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ የሚወስደውን መንገድ ትቶ ግማሽ ሰዓት ያህል በኮረኮንች ከተንገጫገጨ በኋላ ሜዳው ባንድ ጊዜ አለቀና ሸለቆው ከእግሯ ሥር ተከፈተ። ከላይ ጥቁር የባዛልት ገደል አለ። ከገደሉ ሥር ተዳፋቱ ላይ ዐሥራ ስድስት ቤቶች፣ ከቤቶቹ በታች እርሻ፣ ከእርሻው በታች ወንዙ። የድንጋይ ከሰሉ የሚታየው እርሻው አልቆ ወደ ወንዙ በሚወርደው ገመገም ላይ ነበር።

ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው። አርባ ምንጭ ተወልዳ ያደገች ስትሆን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጂኦሎጂ ማስተማር ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ብርዱን ግን እስካሁን አልለመደችውም። ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከሰል ማቅረብ የፈለገ አንድ ኩባንያ ሸለቆውን እንድታጠናለት ሲጠይቃት ደስ አላት። ከውጭ የሚመጣው ከሰል ውድ በመሆኑ በየቦታው ያገር ውስጥ ከሰል እየተፈለገ ነበር። እሷ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ሌሎች ያጠኑትን ነው ስታስተምር የኖረችው። ይኼኛው የራሷ ጥናት ሊሆን ነው።

የከሰሉን ቦታ ያሳዩዋት አቶ ወልደኪዳን ናቸው። ገመገሙ ያረፈው በእሳቸው መሬት ጫፍ ላይ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገሩ የሃምሳ ስምንት ዓመት ገበሬ ናቸው። ጥቁሩን ድንጋይ በመጥረቢያ ጀርባ መትተው አንድ ቁራጭ ሰጧትና፣ በልጅነታቸው ኩበት ያለቀ ጊዜ ሰው እሱን ያነድ እንደነበር፣ ጭሱ ግን ዓይን ስለሚያጠፋና ስለሚገማ ሴቶቹ ቤት እንዳያስገቡት ነገሯት። ያገሩ ሰው የከሰሉን መኖር ከማንም በፊት ያውቃል። የማያውቀው ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚሄድ ነው፤ እሷም የመጣችው ይኼንኑ ለማወቅ ነው።

ቁፋሮው አምስት ሳምንት ፈጀ። የመሰርሰሪያውን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ሸሪፍ የሚባል የአልዩ አምባ ሰው ነበር። ብዙ አገር የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍር የኖረ፣ የማሽኑን ድምፅ ሰምቶ ከታች ምን ዓይነት ድንጋይ እንደገባ የሚናገር ባለሙያ ነው። ሰባት ጉድጓድ ቆፈሩ። እንደ በትር ድቡልቡል ሆኖ የሚወጣውን ናሙና ፍሬሕይወት በሣጥን እየደረደረች፣ እየለካች፣ እየጻፈች ዋለች። አቶ ወልደኪዳን እርሻቸውን ሲጨርሱ መጥተው አጠገቧ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አንዱን ግራጫ ጭቃ ድንጋይ በመዶሻ ስትሰነጥቀው መካከሉ ላይ የቅጠል ቅርጽ ወጣ። ሥሩ፣ ጅማቱ፣ ጫፉ ሳይቀር ይታያል። እሳቸው ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩት።

እዚህ ቦታ ላይ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት ረግረግ እንደነበረ ነገረቻቸው። ዛፉ እየወደቀ፣ ጭቃው እየሸፈነው፣ እንደገና ዛፍ እየበቀለ ከኖረ በኋላ እሳተ ገሞራው ፈንድቶ በቀለጠ ድንጋይ እንደከደነው፣ ከላይ ያለው ገደል ያ የቀለጠ ድንጋይ መሆኑን አስረዳቻቸው። አቶ ወልደኪዳን ገደሉን ቀና ብለው አዩና፣ ይኼ ሁሉ ክብደት ጭቃ ላይ ነው እንዴ የተቀመጠው ብለው ጠየቋት። አዎ አለቻቸው። ከተማሪዎቿ መካከል ይኼን ጥያቄ የጠየቃት ማንም አልነበረም።

ውጤቱ ኩባንያው እንደጠበቀው አልሆነም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ከሰሉ ከሁለት ሜትር በላይ ውፍረት ነበረው። በቀሩት አምስቱ ግን አንዴ ስንዝር፣ አንዴ ሦስት ጣት እየሆነ፣ መካከሉ ላይ ጭቃ እየገባበት ይቆራረጣል። ሲቃጠል ከሲሶው በላይ አመድ ሆኖ ይቀራል። የባሰው ግን ከሰሉ ራሱ አልነበረም። ከሰሉን ከላይ የከደነው ሸክላ ደረቅ ሲሆን እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ውኃ ሲነካው ግን ያብጥና እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ሸሪፍ ከአራተኛው ጉድጓድ የወጣውን ሸክላ በባልዲ ውኃ ውስጥ ነክሮ አሳያት። ሻይ ጠጥተው እስኪመለሱ ድረስ ቀልጦ ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት ከቤቶቹ በላይ ወጥታ ተዳፋቱን በእግሯ አካለለች። መሬቱ እንደ ደረጃ ዝቅ ዝቅ ብሏል፤ የባሕር ዛፎቹ ግንድ ከሥሩ ጎብጦ ነው ወደ ላይ የቀናው፤ የድንጋይ አጥሮቹ መስመራቸውን ስተዋል። ከገደሉ ሥር ደግሞ ሣር የሸፈነው ረጅም ስንጥቅ አለ። አቶ ወልደኪዳን አባታቸው ቤታቸውን ያፈረሱት ወለሉ ለሁለት ተሰንጥቆ እንደሆነ አጫወቷት። ያኔ ገባት። መንደሩ በሙሉ የተሠራው በጥንት ጊዜ ተንሸራቶ መካከል ላይ የቆመ መሬት ላይ ነው። ያንን መሬት ከታች ደግፎ ያቆመው ደግሞ ከሰሉ ያለበት ገመገም ነው።

ሪፖርቷ ሰማንያ አራት ገጽ ሆነ። ከሰል አለ፤ ጥቂት ነው፤ ጥራቱም ዝቅተኛ ነው፤ ተዳፋቱን ከሥሩ መቁረጥ መንደሩን ያወርደዋል፤ ሰዎቹ ከቦታው ሳይነሡ ምንም ዓይነት ቁፋሮ መጀመር የለበትም ብላ ጻፈች።

የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ቃለ አብ ይባላል። ከአዲስ አበባ የሚመላለስ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጥ ሰው ነው። ሪፖርቱን ካነበበ በኋላ ቢሮዋ ድረስ መጣ። ሥራዋን አመሰገነ። ፈቃድ የሚሰጠው ስብሰባ ላይ ሰማንያ አራት ገጽ የሚያነብ እንደሌለ፣ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ እንዳዘጋጀና ሙሉው ሪፖርት አባሪ ሆኖ እንደሚሄድ ነገራት። ወረቀቱን ሰጣት። ስለ ሁለተኛውና ስለ ሦስተኛው ጉድጓድ ይናገራል። የከሰሉ ውፍረት ትክክል ነው፤ ጥልቀቱም ትክክል ነው። ከሥር «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» የሚል መስመር አለ። ስለ ሸክላው፣ ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ቤቶቹ ግን አንድም ቃል የለም።

ይኼን ስታነሣበት፣ ተጨማሪ ጥናት የተባለው እሱ ነው አላት። ሁለተኛውን ዙር ጥናትም እሷ እንደምትመራው፣ ኩባንያው ለትምህርት ክፍሉ የከሰል መመርመሪያ ላቦራቶሪ ሊያቋቁም እንዳሰበ ጨመረላት። ስድስት ዓመት ሙሉ ናሙና ወደ ሰው ላቦራቶሪ በፖስታ እየላከች እንዲመረምሩላት ስትለምን የኖረች መምህር ናት። በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ግቢው ውስጥ ተማሪዎች ፀሐይ ላይ ቆመው ይሟሟቃሉ። እንደገና አነበበችው። ውሸት ፈልጋ አጣች። ፈረመች።

በጥር ቁፋሮው ተጀመረ። ኩባንያው ማሽን አላመጣም። የአካባቢው ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው በዶማና በአካፋ ገመገሙን ሰርስረው እንዲገቡ ተደረገ። አምስት ዋሻ ተከፈተ። ከሰሉን በከረጢት እየተሸከሙ ያወጡታል፤ የጭነት መኪና ከላይ ይጠብቃል። የአቶ ወልደኪዳን የመጨረሻ ልጅ ገብረ ሕይወትም እዚያው ገባ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ዓመት ያህል ሠርቶ፣ አገሬ ላይ ሥራ ከተገኘ ብሎ የተመለሰ ልጅ ነበር።

ፍሬሕይወት በሚያዝያ ሄዳ አየችው። ዋሻዎቹ ሃያ ሜትር ያህል ገብተዋል፤ ጣሪያቸው ያው ሸክላ ነው። አልፎ አልፎ ቀጭን የባሕር ዛፍ ቋሚ አለ፤ አብዛኛው ቦታ ግን ባዶውን ነው። ገብረ ሕይወት ፊቱ ጠቁሮ ከውስጥ ወጣና በፈገግታ ሰላም አላት። ወደ ውስጥ ሲገቡ ከሰሉ እየወፈረ እንደሚሄድ በኩራት ነገራት። እሷ ቋሚ እንጨት በብዛት እንዲያቆሙ፣ ዝናብ ከጀመረ ጨርሶ እንዳይገቡ ነገረችው። አዎ አላት፤ ኃላፊዎቹም ክረምት ሲገባ እናቆማለን ብለዋል አላት።

ከዚያ በኋላ ለኩባንያውም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው መድረሱን የሚያሳይ ማኅተም ተመትቶ ግልባጩ ተመለሰላት። ቃለ አብ በስልክ፣ ከዝናቡ በፊት እንደሚያቆሙ ቃል ገባላት። ሁለተኛው ዙር ጥናትም በመስከረም እንደሚጀመር አስታወሳት። ሰኔ ላይ ሸሪፍ ደወለላት። እዚያ ትቶት የነበረውን የመሰርሰሪያ ማሽን ሊወስድ ወደ ሸለቆው ወርዶ ኖሯል።

«ኢንጂነር፣ ሥራው አልቆመም» አላት። «ከዋሻዎቹ ጣሪያ ውኃ ይንጠባጠባል። ልጆቹን ተናገርኳቸው። ሲሚንቶ ፋብሪካው ከሰሉን በአስቸኳይ ይፈልጋል ተብለናል አሉኝ። ወላሂ አላማረኝም።»

ለቃለ አብ ደወለች፤ አላነሣም። ፈተና እያረመች ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ ብላ አሰበች። በሚቀጥለው ሳምንትም አልሄደችም።

ሐምሌ ዐሥራ አራት ቀን፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ሦስተኛው ዋሻ ተደረመሰ። ሦስት ሰዎች ውስጥ ነበሩ። ፍሬሕይወት የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶት ገደሉ አይታይም። ከመቶ የሚበልጥ ሰው ገመገሙ ላይ ተሰልፎ ጭቃውን በአካፋ፣ በሳህን፣ በእጁ ይዝቃል። የሚዛቀው ያህል ከላይ ይወርዳል። አቶ ወልደኪዳን ከፊት ነበሩ። ጋቢያቸውን ጥለው፣ እስከ ጉልበታቸው ሰጥመው፣ ይዝቃሉ። እሷም ጫማዋን አውልቃ ገባች። አመሻሹ ላይ ሁለቱ ወጡ፤ አፍና አፍንጫቸው በሸክላ ተደፍኗል። ገብረ ሕይወት የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። ከሁሉም ዘልቆ የገባው እሱ ነበር።

ተቀበረ። እናቱ ዘነበች በቀብሩ ቀን ድምፅዋ ጠፍቶ አፏ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ድንኳኑ እርሻው ዳር ተተከለ። ቃለ አብ ከሁለት ሰዎች ጋር መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብሎ ሄደ። ፍሬሕይወት በሠልስቱ ቀን መጣች። ሰዉ ሲቀንስ አቶ ወልደኪዳን ወደተቀመጡበት ሄዳ፣ ላነጋግርዎ ብላ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደቻቸው። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀችውን ንግግር ረስታው ነበር።

«ጋሽ ወልደኪዳን፣ እኔ ይኼ እንደሚሆን አውቅ ነበር» አለቻቸው። «በትልቁ ሪፖርት ላይ ጽፌዋለሁ። ፈቃድ የተሰጠበት ወረቀት ላይ ግን የለም። አለመኖሩን እያየሁ ፈረምኩበት።»

 እንዲመቷት ወይም እንዲያባርሯት ጠበቀች፤ ያ ቢሆን ይቀላት ነበር። አቶ ወልደኪዳን ግን ቀና አሉና ከድንኳኑ በላይ ወዳለው ተዳፋት ተመለከቱ።

«ስለ ቤቶቹም ጽፈሻል?»

«ጽፌያለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ይወርዳሉ ብዬ።»

«መቼ?»

«ቀኑን አላውቅም። ሥሩ ተቆርጧል። ይኼ ዝናብ ካላቆመ በዚሁ ክረምት ነው።»

«እንግዲያው ስለ ልጄ ኋላ እንነጋገራለን» አሉ አቶ ወልደኪዳን። «መጀመሪያ ስንጥቁን አሳዪኝ።»

ወጥተው አዩት። ሣር የሸፈነው አሮጌ ስንጥቅ አፉን ከፍቶ እጅ ያስገባል። ፍሬሕይወት በሁለቱም በኩል ችካል ተከለችና መካከሉን ለካች። ስትመለስ ሥራውን ለእሳቸው ተወችላቸው። በየጧቱ ወጥተው በገመድ እየለኩ በስልክ ይነግሯታል። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጣት ሰፋ፣ በሁለተኛው ሦስት ጣት፣ በአምስተኛው ቀን ስንዝር ሞላ። ያን ዕለት ከክፍል ወጥታ በቀጥታ ወደ ሸለቆው ሄደች።

አብረው ቤት ለቤት ዞሩ። ቀላል አልነበረም። ነሐሴ ሊገባ ነው፤ ዝናቡ አያባራም፤ ባቄላው ገና እሸት አልደረሰም፤ ጎተራ ውስጥ ያለችውን እህል የት ይዘው ይሄዳሉ? ልጇ በዋሻው የሞተባት አንዲት ሴት በሯ ላይ ቆማ ፍሬሕይወትን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«መጀመሪያ ከሰል አለ ብለሽ ልጆቻችንን ወሰድሽ» አለቻት። «አሁን ደግሞ መሬት የለም ልትይን መጣሽ?»

 አቶ ወልደኪዳን ናቸው የመለሱት። የሳቸውም ልጅ እዚያው እንደሞተ፣ ፍሬሕይወት ጥፋቷን ደብቃ መቅረት ስትችል በእግሯ መጥታ እንደነገረቻቸው፣ ይኼን የሚያደርግ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ለመዋሸት እንደማይመጣ ተናገሩ። ሴትዮዋ በሩን ዘጋችባቸው። በማግስቱ ግን ከብቶቿን እየነዳች ስትወጣ ታየች። በሦስት ቀን ውስጥ ዐሥራ ሁለት ቤተሰብ ወጥቶ ጎረቤላ ከተማ ትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ ተጠለለ።

አራት ቤት ቀረ። አንደኛው የአቶ ወልደኪዳን የራሳቸው ነበር። ዘነበች አልወጣም አለች። የልጇ አርባ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፤ ጌሾውን ወቅጣለች፤ ብቅሉን አብቅላለች፤ ገብሱ ጎተራ ነው። ልጄን በሰው አገር፣ በትምህርት ቤት ደጅ ላይ ተዝካር አላወጣለትም ብላ ምሰሶውን ይዛ ተቀመጠች። ዘመድ መጣ፣ የንስሐ አባቷ መጡ፤ አልሰማችም። ሌሎቹ ከወጡ በስምንተኛው ቀን ጧት ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀና ብርሃን በስንጥቁ ገባ። አቶ ወልደኪዳን ገቡ፤ ሚስታቸውን ከነነጠላዋ አቅፈው አነሡና ተሸክመው ወጡ። ሠላሳ አምስት ዓመት አብረው ሲኖሩ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም የምትል ሴት፣ ያን ዕለት መንገዱን ሙሉ ጀርባቸውን እየደበደበች፣ እየሰደበቻቸው ወጣች። ብቅሉም ገብሱም እዚያው ቀረ። ከሌሎቹ ሦስት ቤቶች ሁለቱ ይኼን አይተው ተከተሉ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ተዳፋቱ ሄደ። ከገደሉ አናት ላይ ሆነው ያዩት ሰዎች፣ በመጀመሪያ የባሕር ዛፎቹ እንደቆሙ ወደ ታች ሲራመዱ አየን ይላሉ። ከዚያ አቧራ የሌለው፣ እርጥብና ወፍራም ድምፅ ተሰማ። ዐሥራ አንድ ቤት፣ የመንደሩ እርሻ ከሞላ ጎደል፣ አምስቱም ዋሻዎች ከነአፋቸው ወንዙ ውስጥ ገቡ። በአራተኛው ቤት የቀሩት ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ነበሩ። ሰውዬው ከአልጋ ከዋለ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሚስቱም ትቼው አልወጣም ብላለች። በቃሬዛ የሚያወጣቸው ሰው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ተቀጥሮ ነበር። አስከሬናቸው አልተገኘም።

በመስከረም አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ ደብረ ብርሃን ላይ ተሰበሰበ። ቃለ አብ ሁለቱን ገጽ ይዞ መጣ። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ኩባንያው የባለሙያ ምክር ተከትሎ እንደሠራ፣ ፊርማውም እዚሁ እንዳለ ተናገረ። ፍሬሕይወት ሰማንያ አራቱን ገጽ አቀረበች። አባሪ ሆኖ ይሄዳል የተባለው ሪፖርት ከፋይሉ ውስጥ አልተገኘም ነበር። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቋት።

«በዚህ ሁለት ገጽ ላይ ውሸት የሆነው የትኛው ነው?»

«ውሸት የሆነ የለም» አለች። «የቀረው ነው ሰው የገደለው። የቀረ ነገር እንዳለ አውቄ ፈርሜያለሁ። ጥያቄው ለእኔም ለሳቸውም ነው።»

የኮሚቴው ውሳኔ በኅዳር ወጣ። አደጋው ከመጠን በላይ በጣለ ዝናብ የደረሰ የተፈጥሮ አደጋ ነው ተባለ። የኩባንያው ፈቃድ በዚያ ሸለቆ ላይ ታገደ። ፍሬሕይወት በሙያዋ ከማማከር ለሦስት ዓመት ታገደች፤ ማስተማሯን ቀጠለች። ቃለ አብ ሌላ ዞን ውስጥ ሥራ መጀመሩን ከሸሪፍ ሰማች። ላቦራቶሪውን ዳግመኛ ያነሣው የለም።

በዚያው ወር ጎረቤላ ሄደች። ተማሪዎች ወደ ክፍላቸው ስለተመለሱ ተፈናቃዮቹ ሜዳው ላይ በሸራና በቆርቆሮ ተጠልለዋል። ውርጩ ሸራው ላይ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ዘነበችን ደጅ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። የልጇ አርባ ባዶ እጅ፣ በጸሎት ብቻ ነበር ያለፈው። ከባሏ ጋር ከዚያ ቀን ወዲህ የሚነጋገሩት ለምግብና ለውኃ ብቻ ነው። ለፍሬሕይወት መቀመጫ አቀረበችላት፤ ፊቷን ግን አላዞረችላትም። አቶ ወልደኪዳን የት እንደሄዱ ስትጠይቃት በአገጯ ወደ ሸለቆው አመለከተቻት።

«ከሰል ሊቆፍር ነዋ» አለቻት። «ሌላ ምን ቀረለት።»

ሸለቆው አፋፍ ላይ፣ መንሸራተቱ ካልደረሰበት ቦታ አቶ ወልደኪዳንና አንድ ጎረቤታቸው ጉድጓድ ከፍተው ነበር። አቶ ወልደኪዳን ከውስጥ ጎንበስ ብለው ወጡ፤ ሽበታቸው ጠቁሯል። ሰላም ተባባሉ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና፣ እሳቸው ሳትጠይቃቸው ያስረዱ ጀመር። መሬቱ ወንዝ ገብቷል። ተለዋጭ ቦታ ይሰጣችኋል ከተባለ ሦስት ወር አልፏል። ጫጫ ላይ ሸክላ የሚያቃጥሉ ሰዎች ከሰሉን ይወስዳሉ።

«ይተዉት» አለቻቸው። «እርስዎም እዚያው ሊቀሩ ነው?»

«ዘነበች ሸራ ውስጥ በብርድ ልትሞት ነው» አሉ አቶ ወልደኪዳን። «እኔ ከገባሁ ምናልባት እሞታለሁ። ካልገባሁ እሷ በእርግጥ ትሞታለች። አንቺ የተማርሽው ነሽ፤ የትኛውን ልምረጥ?»

ፍሬሕይወት ወደ ጉድጓዱ አፍ ተጠጋች። ሄዳ ልትከሳቸው፣ ጉድጓዱን ልታስዘጋ ትችል ነበር። ከዚያ በኋላስ? ኮቷን አውልቃ መዶሻዋን ከቦርሳዋ አወጣችና ወደ ውስጥ ገባች። ጣሪያውን በየክንዱ ርቀት እየመታች ድምፁን አዳመጠች። እስከ አራት ሜትር ድረስ ጣሪያው ድንጋይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሸክላው ይጀምራል። ወጥታ እስከየት መግባት እንደሚቻል ነገረቻቸው። የቋሚ እንጨቱን ውፍረትና ርቀት አሳየቻቸው። ሦስቱም ሆነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባሕር ዛፍ ሲቆርጡና ሲያቆሙ ዋሉ። ሲለያዩ አቶ ወልደኪዳን ስለ ልጃቸው ምንም አላሉም፤ ኋላ እንነጋገራለን ያሉትን እሷም አላነሣችም።

በየቅዳሜው እየሄደች ጣሪያውን ታይ ነበር። ጥር አጋማሽ ላይ ግን ከሰሉ ሦስት ጣት ደረሰ፤ በሳምንቱ ጨርሶ ጠፋና ጭቃ ድንጋይ ብቻ ቀረ። ሰዎቹ ዶማቸውን ይዘው ወጡ። የሞተ የለም። ያገኙት በሁለቱ ወር የበሉትን ያህል ብቻ ነው።

አቶ ወልደኪዳንና ዘነበች በየካቲት ወደ ደብረ ብርሃን ሄደው ከከተማው ዳር አንድ ክፍል ቤት ተከራዩ። እሳቸው አንድ መጋዘን ውስጥ የቀን ጥበቃ ሆነው ተቀጠሩ። ፍሬሕይወት አንድ ጧት ወደ ሥራ ስትሄድ በባጃጅ ሆና አየቻቸው። የጥበቃ ካፖርት ለብሰው፣ ለቁመታቸው አጥሮባቸው፣ መጋዘኑ በር ላይ ቆመዋል። ባጃጁን አስቁማ ወረደችና ጤንነታቸውን ጠየቀቻቸው። ዘነበች ሳል እንደያዛት፣ ጤና ጣቢያ እንደወሰዷት፣ ከትናንት ወዲያ ደግሞ ወደ እሳቸው ዞራ፣ ገብረ ሕይወት ልጅ ሳለ ወንዙ ውስጥ ወድቆ የወጣበትን ቀን እያነሣች ብዙ እንዳወራችላቸው ነገሯት።

«እኔም አወራኋት» አሉ። «ያንቺንም ነገር አንሥተን ነበር። ይቅር ማለቱ ለጊዜው አልሆነላትም። ለእኔም ገና ነው። ቢሆንም እሑድ ነይ፤ ቤቱን እይው።»

አንድ መኪና መጥቶ ጥሩንባ ነፋ፤ አቶ ወልደኪዳን በሩን ሊከፍቱ ሄዱ።